ባልባላ ላይ ያላበው የመዳብ ቧንቧ

የመምህራን ኮሌጅ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ክፍላችን ውስጥ ከሁሉም በዕድሜ ስለምበልጥ ልጆቹ «እትዬ ነጃት» ይሉኛል። ፊት ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው፤ የቤት ሥራ ሳልሠራ ቀርቼም አላውቅም። የድርሰት መምህራችን «ወደዚህ ከመምጣታችሁ በፊት ሥራ ይዛችሁ የነበራችሁ ስለ ሥራችሁ ጻፉ። የምታውቁትን ብቻ፣ ሳታስጌጡ» ሲሉን ደስ አለኝ። ድሬዳዋ ተወልጄ አሥራ ሰባት ዓመት ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። ያውም ተራ ጥገና ብቻ አይደለም፤ ኮምፒውተርን ያለ ማራገቢያ ማቀዝቀዝ የሱቃችን መታወቂያ ነበር።

ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም ቀደድኩ። በሁለቱም ላይ የወጣችው ነጃት ጎበዝ፣ ታታሪና ታማኝ ነበረች። ይህ ሦስተኛው ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር አባቴ ባቡር አሳፍሮ ወደ አጎቴ ላከኝ። አጎቴ ካርቲየ ሁለት በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ ከአውሮፓ በኮንቴይነር የሚገቡ ያገለገሉ ኮምፒውተሮች የሚሸጥበትና የሚያስጠግንበት ጠባብ ሱቅ ነበረው። ለመኖሪያ ፈቃድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አልጽፍም። ደመወዜ ሐሙስ ሐሙስ ይሰጠኝ ነበር፤ አንድም ቀን አልቀረብኝም።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ በብሩሽ ማራገቢያ መጥረግ ነው። የጅቡቲ አቧራ ብቻውን አይመጣም፤ የባሕሩን ጨውና እርጥበት ይዞ ነው የሚመጣው። ማራገቢያው ያንን እየሳበ ወደ ሳጥኑ ያስገባና ሙቀት በሚያስወጡት የአልሙኒየም ክንፎች መሃል እንደ ሊጥ ይለጥፈዋል። ያን ጊዜ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ኮምፒውተሩ በራሱ ይጠፋል፤ ባለቤቱም እየተራገመ ይዞት ይመጣል። እንጠርገዋለን። በወሩ እንደገና ይመጣል።

«ይቺ ነገር ጠላቷን ራሷ ጋብዛ ነው የምታስገባው» ይሉ ነበር ጋሽ ደሳለኝ፣ የሞተ ማራገቢያ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው።

ጋሽ ደሳለኝ አስተማሪዬ ናቸው። ቀድሞ ባቡር ላይ የማቀዝቀዣ ፉርጎ መካኒክ ነበሩ። አንድ ቀን የአጎቴን ኤርኮንዲሽን ሊጠግኑ መጥተው፣ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ የነበረ ኮምፒውተር አይተው «ይኼም ያው ሙቀት ነው እኮ» አሉና እዚያው ቀሩ። ኮምፒውተር ላይ እንግሊዝኛ አንብበው የሚሠሩት ነገር አልነበረም። ሙቀት ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚወጣ ግን እጃቸው ያውቃል። የጋለ ነገር የሚነኩት በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ነው፤ «መዳፍ ሥራ የለመደ ነው፣ ይዋሻል» ይላሉ። ሳጥን ከመዝጋታቸው በፊት አጎንብሰው ያሸታሉ። የሞተ ዕቃ አይጥሉም፤ ነጭ ፕላስተር ለጥፈውበት የሞተበትን ምክንያት ይጽፉበትና መሳቢያ ውስጥ ያኖሩታል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መሳቢያውን ከፍተው «ትምህርት ቤቱ ይኼ ነው» ይሉታል።

ከሁሉም የከበደች አንዲት ሕግ ነበረቻቸው። የሠራነው ማቀዝቀዣ ሁለቱን ነፋስ ሳያይ ከሱቅ አይወጣም። አንዱ ካምሲን ነው፤ በሐምሌ ከበረሃ የሚነፍስ፣ ከንፈር የሚሰነጥቅ ደረቅ ነፋስ። ሌላው ካምሲኑ ሲያበቃ ከባሕር የሚመጣው ወበቅ ነው፤ ያን ጊዜ ግድግዳው ሳይቀር ያልበዋል። ለአንዱ የተሠራ ለሌላው አይሆንም ይሉ ነበር። እኔ ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ አስምሬበት ነበር።

ጎበዝ ሆነን የሠራናቸውንም ልጻፍ፤ እነሱም እውነት ናቸውና። የጅቡቲ ወደብ አጠገብ አንድ የማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ የጸሐፊው ኮምፒውተር በሦስት ሳምንት አንዴ ይሞት ነበር። የማዳበሪያው ብናኝ ውሃ ይስባል፤ ውሃ የሳበ ብናኝ ደግሞ ብረት ይበላል። ጋሽ ደሳለኝ ማራገቢያዎቹን ሁሉ ነቅለው ማዘር ቦርዱን የዓሣ ማሳደጊያ መስታወት ውስጥ አስገቡና ዘይት ሞሉበት። ዘይት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ሙቀቱን ግን ተቀብሎ በቀስታ ለመስታወቱ ይሰጣል። ብናኙ የሚገባበት ቀዳዳ የለም።

ጸሐፊው ክው ብሎ አየን። «ምንድን ነው፣ ሳምቡሳ ልትጠብሱበት ነው?»

«አንተ ካመጣህልን እንጠብሳለን» አሉ ጋሽ ደሳለኝ።

መጀመሪያ የሞከርነው የምግብ ዘይት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሸተተ፤ የሰፈሩ ድመቶች መጋዘኑን ከበቡት፤ ጸሐፊውም «ኑና ከነድመቶቻችሁ ውሰዱልኝ» ብሎ ደወለ። ከዚያ በኋላ ከፋርማሲ የሚገዛውን ሽታ የሌለው የፓራፊን ዘይት አደረግን። ሃርድ ዲስኩን ግን ጋሽ ደሳለኝ ከዘይቱ በላይ በሽቦ አንጠለጠሉት፤ የሚተነፍስበት ጠባብ ቀዳዳ ስላለው ዘይት ከገባበት ያልቃል። ያ ኮምፒውተር አራት ዓመት ሠራ። ለሌላ ደንበኛ ደግሞ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ ትንሽ ራዲያተር ግድግዳ ላይ ሰቅለን፣ በፕሮሰሰሩ ላይ ካሰርነው የመዳብ ሳጥን ጋር በቱቦ አገናኘነው። ቱቦው ውስጥ የሚዞረው የባትሪ ውሃ የሚባለው የተጣራ ውሃ ነው፤ የጅቡቲን የቧንቧ ውሃ ብናስገባበት ጨዉ በወራት ይደፍነዋል።

በስምንተኛው ዓመቴ ላይ ጋሽ ደሳለኝ አንድ ቀን የዘጋሁትን ሳጥን ሳያዩ አሳለፉት። «አያዩትም?» አልኳቸው። «ያንቺን ምን አያለሁ» አሉኝ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እየበረርኩ ነው።

ዘሃራ የመጣችው በዚያው ዓመት ነው። ወሎ ተወልዳ፣ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት አዳሪ ሆና ስታበስልና ስታጥብ የኖረች ሴት ናት። በእሷ ዕድሜ ያለችውን «እትዬ» ማለት ተገቢ ስለነበር እንደዚያ ስላት ሳቀች።

«ተይኝ ባክሽ። እርስዎ ስትይኝ ማዳም ከኋላዬ የቆመች ነው የሚመስለኝ። አንቺ በይኝ።»

ባጠራቀመችው ሦስት ኮምፒውተር ገዝታ ከከተማው ዳር ባልባላ የሚባለው ሰፈር አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይታለች። ሐሳቧ ግልጽ ነበር። በሰው ቤት የሚሠሩት እህቶቻችን ዓርብ ዓርብ ዕረፍት ሲወጡ ወደ እሷ መጥተው፣ በኮምፒውተር አገር ቤት ካሉት ልጆቻቸው ጋር በድምፅ ይነጋገራሉ።

«ማራገቢያው ሲያጓራ ግን የልጃቸውን ድምፅ አይሰሙም። አቧራውም አለ፣ ባልባላን ታውቂዋለሽ። ኤርኮንዲሽን እንዳላስገባ መብራቴ የሰው ነው፤ አይችለውም። እናንተ ያለ ማራገቢያ ታቀዘቅዛላችሁ ሲሉ ሰማሁ። ነጃት፣ ይኼ ካልሆነልኝ ተመልሼ ሰው ቤት ነኝ።»

መብራቱ የሚመጣላት ከጎረቤቷ ነው። የወደብ ሠራተኛ የነበሩ፣ ሰፈሩ ሁሉ አዴር ዑመር እያለ የሚጠራቸው ሰው ናቸው፤ አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። ሽቦውን ከራሳቸው ቆጣሪ ስበው፣ በገዛ እጃቸው እንጨት ላይ አስረው ዘርግተውላታል።

እኔ እንድትወደኝ ፈለግሁ። ሌላ ምክንያት አልደረድርም። እሷ ስታወራ ሐሳቡ መጣልኝ፤ እንስራ። ድሬዳዋ ውሃ የምናቀዘቅዘው በእንስራ ነው። ሸክላው ውሃውን በቀስታ ወደ ውጭ ያዣል፤ ነፋሱ ያዣውን ሲያደርቀው ውስጡ ይቀዘቅዛል። ትልቅ እንስራ አስመጣሁና ውሃ ሞልቼ የመዳብ ቧንቧ ጠምዝዤ ነከርኩበት። ቧንቧውን በሦስቱ ኮምፒውተሮች ውስጥ አሳልፌ በየፕሮሰሰሩ ላይ ካለ የመዳብ ሳጥን ጋር በየድኩት። የባትሪ ውሃ የሚያዞረው አንድ የዓሣ ማሳደጊያ ፓምፕ ነው። እንስራውን በሩ ላይ ጥላ ሥር አቆምኩት። ካምሲን እየነፈሰ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፕሮሰሰሮቹ ለብ ከማለት አላለፉም። የሚሰማው የፓምፑ ትንሽ ድምፅ ብቻ ነው።

ጋሽ ደሳለኝ መጥተው እንስራውን በእጃቸው ጀርባ ነኩት። ወደዱት፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

«ቆንጆ ነው። አንድ ነፋስ አይቷል።»

«ዘሃራ ቸኩላለች፣ ጋሽ ደሳለኝ። ዓርብ ልትከፍት ነው።»

«የቸኮለችው ዘሃራ ናት ወይስ አንቺ?»

በማግሥቱ ጉልበታቸውን ሊታከሙ ወደ ድሬዳዋ ሄዱ። ዘሃራ ዓርብ ከፈተች።

የመጀመሪያዎቹን ዓርቦች አልረሳቸውም። ሴቶቹ ከበሩ ውጭ ድረስ ተሰልፈው ይቆማሉ። አንዷ ገብታ ማዳመጫውን ስታደርግ ሌሎቹ ዝም ይላሉ፤ ከወዲያ የሚያወራውን ልጅ አብረው ሊሰሙ የፈለጉ ይመስል። ዘሃራ ሴት በገባች ቁጥር እኔን እያሳየች «ይቺ ናት የሠራችው፣ ይቺ ናት!» ትላለች።

ከዚያ ካምሲኑ አበቃና ወበቁ መጣ። አየሩ ራሱ ውሃ ስለጠገበ እንስራው ላይ ያዣው ውሃ መድረቁን ተወ፤ እንስራውም መቀዝቀዙን። ዘሃራ ደወለችልኝ። «ነጃት፣ ኮምፒውተሮቹ ይጠፋሉ። ሴቶቹ ወሬ መሃል እየተቋረጠባቸው ነው።»

ለጋሽ ደሳለኝ መደወል እችል ነበር። ቁጥራቸው በቃሌ ነው። ነገር ግን «አንድ ነፋስ አይቷል» ብለውኛል፤ ያንን መልሰው እንዲሉኝ አልፈለግሁም።

«በረዶ ጨምሪበት» አልኳት። «ከዓሣ ወደብ አንድ ድፍን በረዶ አስመጪና እንስራው ውስጥ ክተቺው።»

ሠራ። ሁለት ቀን እንደ ካምሲኑ ጊዜ ሠራ። እሷም «ተባረኪ» ብላ ደወለችልኝ።

በወበቅ ቀን ከማቀዝቀዣ የወጣ ጠርሙስ ምን እንደሚሆን የጅቡቲ ሕፃን ያውቃል፤ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳይቀመጥ ላብ ይወርደዋል። ጋሽ ደሳለኝ ከአየሩ የቀዘቀዘ ቧንቧ ሁሉ ጥቁር ስፖንጅ ሳይለብስ አያሳልፉም ነበር። የእኔ ቧንቧ ራቁቱን ነበር። በሳጥኖቹ ውስጥ፣ ከማዘር ቦርዱ በላይ ነው የሚያልፈው። ለብ ላለ ውሃ የተሠራ ስለሆነ ስፖንጁ አያስፈልገውም ብዬ ነበር። በረዶ ስታስገባበት ግን በሦስቱም ሳጥን ውስጥ አላበው፤ ላቡም ተንጠባጠበ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት አንደኛው ኮምፒውተር ጧ ብሎ ሞተ። ብሬከሩ ወረደ፤ የአዴር ዑመር ቤትም አብሮ ጨለመ። አዴር ዑመር ብሬከሩን መለሱት፤ ዘሃራ ሁለቱን ከፈተች፤ እነሱም ተከታትለው ሞቱ። ስደርስ ሴቶቹ በር ላይ ቆመዋል። ዘሃራ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከሞት ነጥቄ የምመልስላት ነገር ያለ ይመስል ዓይኖቿን አንሥታ አየችኝ።

የመጀመሪያውን ሳጥን ጀርባዬን ለሰዎቹ ሰጥቼ ከፈትኩት። ቧንቧው ላይ ጠብታዎቹ በሰልፍ ተንጠልጥለዋል። ቦርዱ እርጥብ ነው። ጊዜ አልፈጀብኝም፤ አልተጨነቅሁምም። ሻሼን አውልቄ በጫፉ ጠረግኩት። ሁለተኛውን ከፍቼ ጠረግኩ። ሦስተኛውንም።

«ምንድን ነው?» አለች ዘሃራ።

«መብራቱ ነው» አልኩ። «ኃይል ጨምሮ መጥቶ ነው ያቃጠላቸው።»

አዴር ዑመር በዚያ ሳምንት አሮጌ ፍሪጅ ገዝተው ሰክተው ነበር። ዘሃራ ይህን ታውቃለች። ከመሬት ተነሥታ ወጣችና መንገዱ መሃል ቆማ ጮኸች።

«አሥራ አንድ ዓመት ነው ያቃጠልከው! በገመድህ ነው ያቃጠልከኝ! ለፍሪጅህ ብለህ!»

አዴር ዑመር አማርኛ በጥቂቱ ይሰማሉ። «እኔ? ሽቦዬ?» አሉና ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ባለሙያዋ ነኝ። ሰው ሁሉ ወጥቶ ቆሟል። እኔ ዕቃዬን ወደ ቦርሳዬ እየከተትኩ ነበር። ቦርሳውን ዘግቼ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩት። እሳቸው ወደ እንጨቱ ሄደው ሽቦውን በገዛ እጃቸው ፈቱት፤ ጠቀለሉት፤ ይዘውት ገቡ።

ጋሽ ደሳለኝ ሲመለሱ አንደኛው ማዘር ቦርድ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር። አነሡት፣ አሸተቱት፣ በብርሃን አዞሩት።

«ምንድን ነው የገደለው?»

«መብራት፣ ጋሽ ደሳለኝ።»

ነጩን ፕላስተር ቆርጠው ከእስክሪብቶ ጋር ሰጡኝ። «እንግዲያው ጻፊበት።» ጻፍኩበት። ተቀብለውኝ መሳቢያው ውስጥ አኖሩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ ሱቁን ትተው ወደ አገራቸው እስከተመለሱ ድረስ፣ ሳጥን በዘጋሁ ቁጥር መጥተው መልሰው ይከፍቱት ነበር። በደንበኛ ፊትም ቢሆን።

ዘሃራ ወደ ሰው ቤት ተመለሰች። በስምንት ዓመት ውስጥ ስምንት ጊዜ ያህል ሳላገኛት አልቀረሁም፤ በተገናኘን ቁጥር አቅፋ ትስመኛለች። አዴር ዑመርን ስታነሣ «ያ ሰውዬ» ትላለች። ሰፈሩም የሐበሻይቱን ዕቃ ያቃጠለው እያለ ያነሣቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማንም መብራት አልሰጡም አሉ።

በኋላ ስልክ ሁሉን ነገር ወሰደው። ሰው ኮምፒውተር ማስጠገን ተወ፤ የሚመጣውም በእጅ የሚያዝ፣ ማራገቢያ የሌለው ነገር ሆነ። አጎቴ የስልክ ልባስ መሸጥ ጀመረ። እኔም አገር ቤት ተመልሼ ለመማር ወሰንኩ። ይህን የሰማችው ዘሃራ ሰው ላከችብኝ። «ለመንገድሽ የሚሆን ጨርቅ ገዝቼልሻለሁ፣ ነይ ውሰጂ» ብላ።

የሄድኩት በቀትር ነው። ጅቡቲ በዚያ ሰዓት ሁሉም ይተኛል፤ አሠሪዎቿም ተኝተው ነበር። ዘሃራ ከቤቱ ጀርባ ልብስ እያሰጣች ነው። በሹክሹክታ ሰላም አለችኝ። ጨርቁን ሰጠችኝ፤ አበባ ያለው ድርያ ነው፣ የሶማሌ ሴቶች የሚለብሱት ስስ ቀሚስ።

«በዚህ አገር ያልዋሸኝ ሰው አንቺ ነሽ» አለችኝ።

ጨርቁን መልሼ እጇ ላይ አኖርኩት። ነገርኳት። በረዶውን፣ ላቡን፣ በሻሼ መጥረጌን። እሷም እኔም ድምፃችንን ከፍ ማድረግ አንችልም፤ መስኮቱ ክፍት ነው። ቃል በቃል በሹክሹክታ ነገርኳት፤ በመካከሉ ሁለት ጊዜ «ምን?» ብላ አስደገመችኝ። ከዚያ የአንድ ሕፃን ሸሚዝ ከባልዲው አውጥታ ጨመቀችው፤ ውሃ ሲያልቅም መጭመቋን አልተወችም።

«በረዶውን ያመጣሁት በሚኒባስ ነው» አለች። «እግሬ ላይ እየቀለጠ። ሰው እየሳቀብኝ።»

«ዘሃራ…»

«ዝም በይ። ሰዎቹ ይነቁብኛል።» ሸሚዙን ሰቀለች። «ለእኔ ነገርሽኝ። ያን ሽማግሌ መንገድ ላይ አዋርጄዋለሁ። ለእሱስ ማን ይንገረው?»

«እኔ እሄዳለሁ።»

«ብቻሽን ሄደሽ ምን ብለሽ እንደምትመለሺ በምን አውቃለሁ?» አለች። «ዓርብ አብረን ነው የምንሄደው።»

ዓርብ በሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ባልባላ ደረስን። አዴር ዑመር በራቸው ላይ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ ጢማቸው በሂና ቀልቷል። ዘሃራን ሲያዩ ሊነሡና ሊገቡ ቃጡ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ አዴር» አለች። «ይቺ የምትነግርዎት አለ።»

በሶማሊኛ ተናገርኩ። ስምንት ዓመት ሙሉ በልቤ ያዘጋጀሁት ረጅም ነበር፤ ከአፌ የወጣው ግን አጭር ነው። ኮምፒውተሮቹን ያቃጠለው ውሃ ነበር፤ ውሃውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ አውቄ ነው የዋሸሁት።

«ሽቦዬስ?» አሉ።

«ሽቦዎ ደህና ነበር።»

ወደ ቤት ዞረው ሚስታቸውን ጠሩ። ሚስታቸው ሲወጡ አዴር ዑመር በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ። «ድገሚው።» ደገምኩት። ሴትየዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አዴር ዑመር ግን አልበቃቸውም። በምርኩዛቸው መንገዱን አሳዩኝ፤ ያን ጊዜ ዘሃራ ቆማ የጮኸችበትን ቦታ። «እዚያ ቆመሽ ተናገሪ።»

ሄጄ ቆምኩ። ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ሰዎች ከየበራቸው ብቅ ብቅ አሉ፤ ሳቅ የለም፣ ስድብም የለም። ዞር ስል ሚስትየዋ ዘሃራን እጇን ይዘው ወደ ቤት እያስገቧት ነበር፤ አዴር ዑመርም ተከትለው ገቡ። እኔን ግቢ ያለኝ የለም፤ አልጠበቅሁምም።

ከመንገዱ ማዶ ሕፃን ያዘለች ሴት በሯ ላይ ቆማ ነበር። «ምን አለች?» ብላ ጎረቤቷን ጠየቀች። «እኔ አልሰማሁም።»

ወደ እሷ ተሻገርኩና እንደገና ነገርኳት።